«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። «መጋቢ፣ ይህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የእርስዎ ሥራ ሆነ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን በየአጥቢያው ቢሮና በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ይህ ዕቃ የስንቱን ሰው የዓመታት ድካም ተሸክሞ እንዳለ ስናስብ ነገሩ የአደራ ጉዳይ ይሆናል። ስለ አደራ ደግሞ ዝም ማለት አይገባም።

ታሪኩ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ላፕቶፑ ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት አገልግሏል። ባትሪው ደክሟል፤ ያለ ቻርጀር ሩብ ሰዓት አይቆይም። አንድ ምሽት አፕዴት እየተደረገ ስለሆነ እንዳይጠፋ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ያሳያል። መካከል ላይ መብራት ይሄዳል፤ ወይም መጠበቅ የሰለቸው ሰው ማጥፊያውን ተጭኖ ይይዛል። በማግስቱ ኮምፒውተሩ አልነሣ ይላል። ሰማያዊ ገጽ ያወጣል፤ አለዚያም ነጫጭ ነጠብጣቦች ሲዞሩበት ይውላሉ። ከዚያ ወደ ጥገና ቤት ይወሰዳል። ባለሙያው አየት አድርጎ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ባለቤቱም «እሺ፣ ብቻ ይነሣልኝ» ብሎ ይሄዳል። ላፕቶፑ ማታውን ተነሥቶ ይመለሳል። በውስጡ ግን ምንም የለም።

የእኔ አሳብ ግልጽ ነው። «ፎርማት ይደረግ» የመጨረሻው ቃል እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። አፕዴት የተበላሸበት ኮምፒውተር ሲገጥመን አስቀድመን ልናድን የሚገባን ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው።

ምን እንደሚጠፋ እናስብ

ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል። ውድ ቢሆንም፣ ተጠራቅሞም ሆነ ተበድሮ ይገዛል። በውስጡ ያለው ግን እንደዚያ አይደለም። የአጥቢያው የአባላት መዝገብ፣ የተጠመቁትና የተጋቡት ሰዎች ዝርዝር፣ የዐሥራ አምስት ዓመት የስብከት ማስታወሻ፣ ያረፈች እናት ፎቶግራፍ፣ ለምረቃ ሁለት ሳምንት የቀረው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እነዚህ በየትኛው ሱቅ ይሸጣሉ?

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳት አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በርካታ ጽሑፎቻችን የተጻፉት የራሳቸው ፊደል በነበራቸው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ የተጻፈበት ፊደል በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፎርማት ሲደረግ ሰነዱ ተርፎ እንኳ ፊደሉ ከጠፋ ባለቤቱ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። ሰነድ ስናድን ፊደሉንም አብረን እናድን።

በሩ ተዘጋ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲለው ሁሉ ነገር የጠፋ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። አፕዴት ሲበላሽ የሚጎዳው በአብዛኛው የሥርዓቱ ፋይል ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ክፍል። ሰነዶቻችንና ፎቶዎቻችን እዚያው ዲስኩ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ የሚበዛበት ምክንያትም አለ። ዲስኩ ሞልቶ ለአዲሱ ፋይል ቦታ ያንሳል፤ የቆዩት ድራይቨሮች ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አይስማሙም፤ ባትሪው ደካማ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ሥራው በግማሽ ይቆረጣል።

ጌታ በሉቃስ 15 ከዐሥር ድሪም አንዱ ስለጠፋባት ሴት ይናገራል። ያቺ ሴት ጨለማውን በብርሃን ገፍፋ ጥግ ጥጉን እያየች ፈለገች እንጂ ቤቱን አላፈረሰችም። ፎርማት ግን ቤቱን አፍርሶ አዲስ መሥራት ነው። ድሪሙ ገና ከውስጥ ሳለ ይህን ማድረግ ምን ይሉታል?

እውነት ነው፣ አፕዴት ራሱ ሰነድ ያጠፋበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ማይክሮሶፍት ያወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት፣ 1809 የሚባለው፣ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነዶች አጥፍቶ ነበር። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ ካስተካከለው በኋላ በኅዳር ወር እንደገና አወጣው። በዚያ ጊዜ ፋይል ለጠፋባቸው የተሰጠው ምክር ኮምፒውተሩን በተቻለ መጠን እንዳይጠቀሙበት ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፋይል ሲሰረዝ ብዙ ጊዜ ወዲያው ከዲስኩ ላይ አይፋቅም፤ ቦታው «ክፍት ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ። አዲስ ነገር ሲጻፍበት ግን አሮጌው በእርግጥ ይጠፋል። አዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ደግሞ የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዱ ዕድሉ የበለጠ ጠባብ ነው። እንግዲህ በጭንቀት ይህንም ያንንም መነካካት መፍትሔ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ ላይችል ይችላል።

በየተራው ይሁን

ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ ወገኖች ቅደም ተከተሉን በአጭሩ ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ እንታገሥ። ቻርጀሩን እንሰካ፤ ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ሌላ የተሰካ ነገር ሁሉ እንንቀል። አሮጌ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ አፕዴት ለመጨረስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የቀሰስተኛውን መዘግየት እንደ ሞት ቆጥረን በግድ አናጥፋው። ነገር ግን ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ጉዳዩ የአፕዴት ብቻ አይደለም። ወዲያው አጥፍተን ፋይል ማውጣት ለሚያውቅ ባለሙያ እንስጥ።

ሁለተኛ፣ የተጫነውን እንቀልብስ። ዊንዶውስ በተከታታይ መነሣት ሲያቅተው አብዛኛውን ጊዜ የጥገናውን ገጽ ራሱ ያመጣል። የመግቢያው ገጽ ድረስ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ሺፍትን ተጭነን ይዘን «ሪስታርት» ማለት ወደዚያው ያደርሰናል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን እንከተል። እዚያ ውስጥ «ስታርትአፕ ሪፔር»፣ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» እና «ሲስተም ሪስቶር» የሚባሉ አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው አነሣሡን ለመጠገን ይሞክራል፤ ሁለተኛው የመጨረሻውን አፕዴት ያነሣል፤ ሦስተኛው ሥርዓቱን ቀድሞ ወደነበረበት ቀን ይመልሳል። ሦስቱም የግል ሰነዶቻችንን ለመንካት የተሠሩ አይደሉም። ትልቅ የሥሪት ለውጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ቀድሞው የመመለሻው ጊዜ በተለምዶ 10 ቀን ነው፤ አናዘግየው።

ሦስተኛ፣ ይህ ካልሠራ ሌላ ሙከራ ከመቀጠላችን በፊት ፋይሉን እናውጣ። እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሥርዓት በፍላሽ ላይ ጭኖ ላፕቶፑን ከፍላሹ ማስነሣት ይቻላል። እዚያ ላይ «መሞከር» የሚለውን እንጂ «መጫን» የሚለውን አንመርጥም። ከዚያ የታመመውን ዲስክ ከፍተን ሰነዶቹን ወደ ውጪ ዲስክ እንቀዳለን። ወይም ባለሙያው ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በገመድ ያገናኘዋል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው መቆለፊያ ከተዘጋ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ቁልፉን በአካውንቱ ውስጥ ያገኘዋል። ዛሬ ኮምፒውተራችሁ ደኅና ሳለ ይህን ቁልፍ በወረቀት ጽፋችሁ ብታስቀምጡት መልካም ነው።

አራተኛ፣ ሰነዱ ወጥቶ፣ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ መነበቡ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ያን ጊዜ ፎርማት ይደረግ። ያን ጊዜ የሚያሳዝን ነገር የለም።

ለባለሙያዎቻችንም

ይህን ስል በጥገና ሥራ ላይ ያሉትን ወንድሞችና እኅቶች ለመውቀስ አይደለም። ፎርማት ማድረግ ፈጣን ነው፤ ብዙ ችግርንም በአንዴ ያጠራል። ደንበኛውም «ቶሎ፣ በርካሽ» ይላቸዋል። ፋይል ማውጣት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እኛ ደንበኞች ላፕቶፑን ስንሰጥ «በውስጡ የማይጠፋ ነገር አለ፤ ሳትቀዳው እንዳትነካው፤ የድካምህን እከፍላለሁ» ብለን በግልጽ እንናገር። ባለሙያውም «ፋይል አለበት ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ እጁን አይዘርጋ። ይህ አንድ ጥያቄ የሰውን ዕድሜ ልክ ሥራ ሊያድን ይችላል።

አንዳንዶች ደግሞ ከአንድ ክፉ ገጠመኝ በኋላ አፕዴት የሚባለውን ነገር ጨርሰው ይዘጋሉ። ይህም አይበጅም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ያልጫኑት ተጎዱ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችን አይቀበልም። በአቋራጭ በግድ መጫን ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አቅሙ ያልፈቀደለትን ሽማግሌ ከባድ ሸክም ማሸከም ነው። ከዚያ ይልቅ ቀለል ያለ የሊኑክስ ሥርዓት ጭኖ ለጽሕፈትና ለንባብ ማዋል የተሻለ ይመስለኛል። ያረጀ ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ እንደ አቅሙ የሚሠራው ሥራ ይሰጠው።

ሳይቃጠል በቅጠል

በትንቢተ ኤርምያስ 36 ንጉሥ ኢዮአቄም የነቢዩን ጥቅልል እየቀደደ ወደ እሳት ጣለው። ባሮክ ግን ሌላ ጥቅልል ይዞ፣ ኤርምያስ እየነገረው፣ ሁሉን እንደገና ጻፈ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። እኛ ግን የአምስት መቶ ምእመናንን ስምና አድራሻ ከአፋችን መድገም አንችልም። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥቅልል አስቀድመን ማዘጋጀት አለብን።

በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ቀላል ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ በውጪ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በሌላ ታማኝ ሰው ቤት ይቀመጥ። የውጪው ዲስክ ከቅጂው በኋላ ይነቀል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይጠፋል። አፕዴት ከማድረጋችን በፊትም ቅጂውን እናድስ፣ ባትሪው መሙላቱንና በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን እንይ።

የአጥቢያ ሽማግሌዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ በአጀንዳችሁ ላይ አስገቡ፦ የቢሮው ኮምፒውተር ዛሬ ማታ ባይነሣ ምን ይቀረናል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ከወጣቶቹ መካከል አንዱን ስሙን ጠርታችሁ ኃላፊነቱን ስጡት፤ ለውጪ ዲስክ መግዣ የሚሆን በጀትም አብራችሁ መድቡለት። እናንተ በቤታችሁ ያላችሁም፣ የእናታችሁ ፎቶ ያለበት ያ አሮጌ ላፕቶፕ ዛሬ የሚነሣ ከሆነ ዛሬውኑ ቅዱት።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይጠብቅ። ተባረኩ።