«ምንም የለብህም» ብለን አንሸኛቸው

በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሌሊት ደረታቸውን ጨብጠው «ልሞት ነው» እያሉ ከሚገቡት ወጣቶች የአንዳንዶቹ የልብ ምርመራ ደህና ይሆናል። ያኔ ወረቀቱን እናሳይና «ምንም የለብህም፣ ሂድ» እንላለን። ይህ መቅረት አለበት።

የደረሰባቸው ነገር እውነተኛ ነው፤ የፍርሃት ጥቃት (ፓኒክ አታክ) ይባላል። ሰውነት አደጋ በሌለበት የአደጋ ደወሉን ይደውላል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ከልክ በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚዞረውም በዚህ ነው። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበረታና ከዚያ ይበርዳል። ይህን ያስረዳኋት ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት «እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም» ብላ አለቀሰች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። «ይመለስብኛል» በሚል ስጋት ታክሲ መሳፈር ይቀራል፤ ገበያ ይቀራል፤ ሰው የሞላበት ቅዳሴ እንኳ ይቀራል። ጥቃቱ ሳይታሰብ እየተመላለሰ፣ ስጋቱ ወይም ሽሽቱ 1 ወር ከዘለቀ ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል። በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድን ግን የእብደት ምልክት አድርገን ሰው አናስፈራራ።

በእርግጥ ልብ፣ የታይሮይድ ዕጢና የደም ማነስ አስቀድመው ይመርመሩ። ስለ ጫትና ስለ ቡናም ይጠየቅ። ከዚያ ግን ወንበር ስበን፣ ቤተሰቡም እየሰማ፣ ለታማሚው ለአምስት ደቂቃ እናስረዳው፤ ወደ አእምሮ ሐኪም የሚወስደውን ሪፈርም እንጻፍለት።