ኮርማን በእናቱ ወተት

ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ጎሊና ወንዝ ዳር በተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ ላይ፣ ቀንዱ የሰፋ ቁመናውም ያማረ ወይፈን በታየ ጊዜ፣ ባለቤቱ ለጥማድ ነጋዴውም ለድለባ ስለሚመኘው ገና ዘሩን ሳይተካ ተቀጥቅጦ በሬ ይሆናል፤ ላሞቹን የሚያጠቃቸውም ለእርሻም ለገበያም ሳይታጭ በመንጋው ውስጥ የቀረው ወይፈን ነው። ልማዱ ከእርሻ ችግር የመጣ ስለሆነ ገበሬውን ለመንቀፍ አልደፍርም፤ ነገር ግን የራያ ላም ወተቷ አነሰ እየተባለ ዘወትር በምትወቀስበት በዚህ ዘመን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ለትውልደ ትውልድ የቆየው ይህ የተገላቢጦሽ ምርጫ መሆኑን ሳንናገር የፈረንጅ ዘርን ብቻ መድኃኒት አድርገን ማቅረባችን ፍርድ ማጓደል ነው እላለሁ።

ወተት በላሚቱ ጡት ይታይ እንጂ ሀብቱ ከእናትም ከአባትም በእኩል ይወረሳል። ኮርማ አይታለብምና በባሕርዩ የተሰወረው የወተት ሀብት የሚገለጠው በእናቱ፣ በእኅቶቹና በሴት ልጆቹ ነው፤ በቀንዱ ስፋትና በሻኛው ቁመት አይነበብም። የዘር ሊቃውንት ደጋግመው እንደ መረመሩት፣ በላሞች መካከል ከሚታየው የወተት ብዛት ልዩነት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርሰው ከዘር የመጣ ሲሆን፣ የቀረው የመኖ፣ የውሃ፣ የሙቀት፣ የበሽታና የአያያዝ ነው፤ በወተቱ ውስጥ ያለው የቅባትና የፕሮቲን ድርሻ ግን እስከ እኩሌታው ድረስ በዘር ይወሰናል። እንግዲህ ወተትን በዘር ምርጫ ማወፈር ሊትርን ከማብዛት የቀለለ መንገድ ነው ማለት ነው።

ይህንም የምለው የላም ዋጋ በሊትር ብቻ ሲነገር ስለምሰማ ነው። በራያ ለክርስቲያኑ ከዓመቱ ብዙው ክፍል ጾም ስለሆነ፣ በዐቢይ ጾም የታለበው ወተት ለትንሣኤ ቅቤ ሆኖ ይጠራቀማል እንጂ በየማለዳው አይጠጣም፤ ሙስሊሙ ጎረቤትም ቢሆን ከቤቱ የተረፈውን ወደ ገበያ የሚያወጣው ቅቤ አድርጎ ነው። እማወራዋ የረጋውን ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ስትገፋ፣ የቅሉ ድምፅ ሲለወጥና እጇ ላይ ሲከብድ ቅቤው መሰብሰቡን ታውቃለች፤ የየትኛይቱ ላም ወተት ቅቤው እንደሚበዛም ማንም ሳይጽፍላት ለይታ ትናገራለች። እውቀቷ በስሌት ቢገለጥ፣ ከመቶ 5.5 እጅ ቅባት ያለው 3 ሊትር ወተት 165 ግራም ያህል ቅባት ሲይዝ፣ ከመቶ 3.5 እጅ ያለው 4 ሊትር ግን ከ140 ግራም ብዙም አያልፍም፤ በሊትር የተሸነፈችው ላም በቅቤ አሸነፈች።

ለዚህ ልዩነት ምክንያት ከሆኑት ረቂቃን አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ታውቋል። በላም 14ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ዲጂኤቲ 1 የተባለው ዘረ መል ቅባት የሚሠራውን ኤንዛይም የሚያስገኝ ሲሆን፣ በኤንዛይሙ 232ኛ ስፍራ ላይ በአላኒን ፈንታ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲገባ የወተቱ ቅባት ይጨምራል፣ ብዛቱ ግን ይቀንሳል። እንደ አገራችን ላሞች የዜቡ (የባለ ሻኛው ከብት) ደም ባላቸው ከብቶች ዘንድ ላይሲኑ እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ‹‹ትንሽ ታለበች›› የምንላት ላም ብዙውን ጊዜ ወፍራም የምትታለብ ናት፤ ነቀፋችንና ምስጋናዋ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

የተዳቀለች ላም ጠላት ግን አይደለሁም። በሆለታና በባኮ ከ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ፍሪዥያንንና ጀርሲን ከቦረንና ከሆሮ ጋር በማዳቀል የተደረገው ምርመራ፣ የመጀመሪያው ክልስ ትውልድ ከአገሬው ላም አብልጦ እንደሚታለብ አስረድቷል፤ ክልሶቹ እርስ በርሳቸው ሲጠቃቁ ግን ያ የመጀመሪያው ብርታት ይደክማል፣ የፈረንጁም ደም ከልክ ሲያልፍ መኖና ሐኪም የማይለየው ኑሮ ይጠይቃል። በቆቦ በቀትር ሰዓት፣ የውጭ ደም የበዛባት ላም በግራር ጥላ ሥር ምላሷን አውጥታ ስታለከልክ የቀረበላትን አገዳ ትተዋለች፤ ያልበላችም አትታለብም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደርሶት አረንጓዴ መኖ የሚያበቅል ገበሬ ክልስ ቢይዝ ይጠቀማል፤ ዝናብ ጠባቂው ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከደረሰው የክፉ ቀን እልቂተ ከብትና ከ1977ቱ ድርቅ የተረፉት ላሞች ያወረሱትን ጽናት አሳልፎ እንዲሰጥ ሊመከር አይገባውም።

ለማሽላ የተደረገው ለላምም ይደረግ ነው የምለው። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ‹ጎብዬ›ና ‹አብሽር› የተባሉት የማሽላ ዘሮች ተፈትነውና ተመዝግበው በስማቸው ይታወቃሉ፤ የራያ ጥገት ግን የአንዲት ቀን ወተቷ እንኳ በመዝገብ ሳይሰፍር ትነጥፋለች። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወረዳው ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ ፈቃደኛ ቤተ ሰቦችን ቢመርጥ፣ በወር አንድ ቀን የጧቱና የማታው ወተት ተለክቶ፣ ጥጃው የጠባውም ተገምቶ ቢጻፍ፣ ቅባቱም በጌርበር ዘዴ ቢለካ፣ በጥቂት ዓመታት የማን ላም ምን እንደምትሰጥ ይታወቃል። ከእነዚያ እናቶች የተወለደውን ወይፈን ባለቤቱ እንዳይቀጠቅጠው ለጥማድ የሚሆን በሬ በምትኩ ይሰጠው፤ ኮርማውም በመንደሩ ላሞች ሁሉ መካከል ያገልግል፤ ሴት ልጆቹን እንዳያጠቃ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሌላው ቀበሌ ይዛወር። መዝገቡ ሲከፈትም የመጀመሪያው ጥያቄ ለእማወራዋ ይቅረብ፤ የትኛይቱ ላም ቅቤዋ እንደሚበዛ የምታውቀው እርሷ ናትና።