ቴሌስኮፕ ከመግዛታችን በፊት ዓይኑን መፈተሽ እንልመድ

በአገራችን ስለ ሥነ ፈለክ ሲወራ የሚነሡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ተራራና ቴሌስኮፕ። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የአዲስ አበባ መብራት እየተጠጋ ሲመጣ ላሊበላ ታሰበ። ከገሳይ ቀና ብሎ ጉናን የሚያይ የእኛ ሰው ደግሞ «ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉናስ ምን አነሰው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከተራራው የሚቀድም ሥራ አለ።

ዛሬ ዓይኑን ቴሌስኮፕ ላይ ደቅኖ የሚያድር ተመራማሪ የለም። ብርሃኑን የሚቀበለው ከካሜራው ውስጥ ያለው የምስል ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ካልተፈተሸ ተራራው ቢረዝም፣ መስታወቱም ቢሰፋ ዋጋ የለውም። ኮከብ የመሰለን ነጥብ የተበላሸ ፒክስል ሊሆን ይችላል።

ቺሊ ውስጥ ያለውን የቬራ ሩቢን ካሜራ እንመልከት። 3,200 ሜጋፒክስል ነው። ይህን ስፋት በአንድ ሴንሰር መሥራት ስለማይቻል 189 ሴንሰሮች እንደ ንጣፍ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ከመገጠማቸው በፊት ተፈትሸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሌንሱ ገና ሳይገጠም በትንሽ ቀዳዳ ብርሃን አስገብተው የአበባ ጎመን ፎቶ አነሡበት። የሰማይ ምስሎቹ ለዓለም የታዩት ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከጎመን እስከ ከዋክብት አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው።

ፍተሻው ራሱ ግን ከሩቅ እንደሚመስለው አይደለም። አንደኛ፣ ክዳኑን ዘግቶ ረጅም ፎቶ ማንሣት፤ ብርሃን ሳይገባ የሚታየው በአብዛኛው ሴንሰሩ በሙቀት የፈጠረው ነው። የሥነ ፈለክ ካሜራ የሚቀዘቅዘውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ እኩል የተዳረሰ ብርሃን ማሳየት፤ የትኛው ፒክስል እንደሚሰንፍ፣ የት አቧራ እንዳለ ይለያል። ሦስተኛ፣ ብርሃኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ጥንድ ጥንድ ፎቶ ማንሣትና ልዩነታቸውን ማስላት፤ ይህ ካሜራው የሚሰጠው ቁጥር ስንት ኤሌክትሮን እንደሆነ ይነግራል። ሴንሰሩ በሰፋ ቁጥር ጉድለት የሚገባበት ቦታም ይበዛል፤ ገጹን ዝንፍ ሳይል ጠፍጣፋ ማድረግና እኩል ማቀዝቀዝም ይከብዳል።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ አንዱም ጥርት ያለ ሰማይ አይፈልግም። የክረምት ደመና አያግደውም። መንገድ ሲዘጋ፣ ሌሊት ተራራ ላይ ማደር ሲያስፈራም አይቆምም። ጨለማ ክፍል፣ የማይዋዥቅ መብራት፣ ያገለገለ ካሜራና ኮምፒውተር ይበቃል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊሠራበት ይችላል።

«ሰው ሰላምና ዳቦ ባጣበት ጊዜ የኮከብ ካሜራ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ስጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 72 ኪሎ ግራሟ ሳተላይታችን የተሸከመችውም ካሜራ ነው፤ የታለመችውም ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ ነው። የሰብልን ሁኔታ ከምስል ለማንበብ የሴንሰሩን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። የሐኪም ቤት ዲጂታል ኤክስሬይም የምስል ሴንሰር አለው። ሙያው አንድ ነው፤ እኛ ግን ዕቃውን ገዝተን ሙያውን ለሻጩ እንተውለታለን።

ጋፋት ከደብረ ታቦር እግር መንገድ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እዚያ ያሠሩት በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ትንንሾቹ ተቀልጠው፣ ተሞክረው ነው ትልቁ የመጣው። የውጭ ባለሙያዎቹን መድፍ አምጡልኝ ሳይሆን እዚሁ ሥሩልኝ ነው ያሏቸው። ችግሩ ሙያው ከጋፋት ጋር መቅረቱ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ቴሌስኮፕ በጀት ሲጸድቅ ከዋጋው ጥቂቱ ለፍተሻ ክፍልና ለተማሪዎች ይቆረጥ። እንጦጦም የካሜራዎቹን የፍተሻ ፎቶዎች ለዩኒቨርሲቲዎች ክፍት ያድርግ። ጉና የትም አይሄድም። መጀመሪያ ክዳኑን ዘግተን የምናየውን እንወቅ።