በርበሬውን ተዉትና ሰዓቱን እዩ

እኛ ሀገር ከደረት በታች ያመመው ሰው ሁሉ "ጨጓራዬ ነው" ይላል። እኔም 4 ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። ሌሊት ደረቴ እየነደደ፣ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ያነቃኝ ነበር። በርበሬ ተውኩ፣ አልጫ ለመድኩ፣ ተልባ ጠጣሁ፣ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዛሁ እንደ ከረሜላ ዋጥኩ። ቃሩ ግን አልለቀቀኝም።

በኋላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ስለ በርበሬ አልጠየቀችኝም። "እራት ስንት ሰዓት ይበላሉ? ስንት ሰዓትስ ይተኛሉ?" አለችኝ።

መልሱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ቤቱ የሚገባ ሰው እራቱን የሚበላው ማታ 3 ሰዓት ነው። ቀኑን በሻይና በቡና አሳልፎ ማታ የሁለት ሰው እንጀራ ይበላል፤ 3፡30 ላይ አልጋ ውስጥ ነው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው መዝጊያ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ሽቅብ ይወጣል። ሆድ ሞልቶ ጋደም ማለት ደግሞ መንገዱን ይጠርግለታል።

በርበሬ ንጹሕ ነው አልልም፤ የሚያባብስበት ሰው አለ። ቡናም፣ አልኮልም፣ ሲጋራም፣ ቅባት የበዛበት ወጥም እንደዚያው። ግን ሁሉንም በአንዴ ከልክሎ ሰውን ከገበታ ማግለል ቅጣት ነው። የሚነካችሁን ለይታችሁ እሱን ተዉ። ከሁሉ በፊት ግን ከእራት እስከ መኝታ 3 ሰዓት ያህል ይኑር።

ችግሩ፣ እራት ቤተሰብ የሚገናኝባት ብቸኛ ሰዓት ናት። "በልቻለሁ" ስል ባለቤቴ መጀመሪያ ተቀይማኝ ነበር። (እናቴማ እስካሁን "ማን አበላህ?" ትለኛለች።) አሁን ዋናው ምግቤ ምሳ ነው። 11 ሰዓት ላይ ከቢሮ ሳልወጣ የቋጠርኩትን እበላለሁ፤ ማታ ከልጆቼ ጋር ተቀምጬ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ በላይ የለም። የአልጋዬን የራስጌ እግሮችም ጡብ ላይ አቁሜአቸዋለሁ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ትራስ ስደራርብ ሆዴ እየታጠፈ ባሰብኝ እንጂ አልረዳኝም።

ኦሜፕራዞልን አልቃወምም። ግን እኔ ሲያቃጥለኝ ማታ እውጠው ነበር፤ አወሳሰዱ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ለወራት ያለ ሐኪም መዋጥም ልክ አይደለም። ምግብ አልወርድ ካላችሁ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም የደረት ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ፣ ቃር ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።