ጎማውን የበላው ማነው? ሹፌሯ ወይስ መኪናዋ?

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በፈረንጅ 2004 የተሠራች ኮሮላ አለችን። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ የምገባባት እኔ ነኝ፤ ማታና ቅዳሜ እሁድ ባለቤቴ ይይዛታል። አዲስ የፊት ጎማ ካስገባን ገና 8 ወር ሳይሞላ ሁለቱም በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦው ታየ። ባለቤቴ «ጉድጓድ ሳትመርጪ ስለምትነጂ ነው፤ ጎማ የምትበይው አንቺ ነሽ» ይለኛል። አላይመንት ሁለት ጊዜ አሠርተናል፤ ለውጥ የለም። የኋላዎቹ ጎማዎች ደግሞ በእጅ ሲዳሰሱ ጎበጥ ሰርጎድ ይላሉ፤ ሲነዱም ይጮኻሉ። መካኒኩ «አራቱንም አሞርዛተር ቀይሩ» ብሎናል። በቤታችን ነገሩ ከጎማ አልፎ ኩርፊያ ሆኗል። ሌላ ጎማ ከመግዛታችን በፊት ምን ይመክሩኛል?
(ስሜ እንዳይገለጽ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ሽቦው የታየ ጎማ፣ ጎማ አይባልም። ዛሬውኑ ይውለቅ። ልጆች ጭነው በእሱ አንድ ቀን እንኳ አይንዱ። እንዲህ ያለው ጎማ ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ ይታገስ ይሆናል፤ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ – አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 100 እና 120 ሲነዳ ግን ይሞቃል፣ ይፈነዳል። የፊት ጎማ በዚያ ፍጥነት ሲፈነዳ መሪው ከእጅ ለማምለጥ ይታገላል። ኩርፊያው ይቆይ፤ ይኼ ይቅደም።

አሁን ወደ ክርክራችሁ እንምጣ። ባለቤትዎ ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ ፍርዱን ግን ቸኩለዋል። ጉድጓድ ከጎማው ጋር የተያያዘውን ብረት ሊያጣምም፣ ጎሚኒውን ሊቀድ ይችላል። ይሁንና ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ማን እንደሆነ ጎማው አይናገርም። የሰኞ ጠዋቷ ሹፌርም፣ የቅዳሜ ማታው ሹፌርም ሊሆኑ ይችላሉ! ጎማው የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ካዳመጡት ደግሞ ብዙ ወጪ ያድንዎታል።

ጎማው ምን ይላል?

ጎማው መሐል ለመሐል ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል ማለት ነው። ሁለቱም ጠርዞች ተበልተው መሐሉ ደህና ከሆነ ነፋሱ አንሷል። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ እንደ እርስዎ ላለች መኪና ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 33 ነው። ነፋስ የሚለካው ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ የጎማው አቋም ተዛብቷል። ይኼ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲያዘነብል ነው፤ ባለሙያዎች ካምበር ይሉታል። ሁለተኛው የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ እርስ በርስ ሲቀራረብ ወይም ሲራራቅ ነው፤ እሱን ቶ ይሉታል። ጎማ በላተኛው በተለይ ቶው ነው። አንድ ጎማ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዞር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 17 ሜትር ያህል በጎኑ እንደተጎተተ ይቆጠራል። ታዲያ እንዲህ እየተፋቀ 8 ወር መቆየቱም ጥሩ ነው!

በቶ ምክንያት የሚበላ ጎማ መለያ አለው። መዳፍዎን በጎማው ፊት ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ አድርገው ያሳልፉ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭር ከሆነ ጥፋቱ የቶ ነው። ሽቦ በወጣበት በኩል ግን እጅዎን እንዳያስገቡ፤ ይቆርጣል።

ጎበጥ ሰርጎድ የሚለው የኋላ ጎማዎ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነው። ያ ጎማ መንገዱን አጥብቆ አልያዘም፤ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ባረፈበት ይፋቃል፣ በዘለለበት ይተርፋል። የዚህ ዋናው ተጠርጣሪ የደከመ አሞርዛተር ነው። ባላንስ ያልተሠራ ጎማና የላላ ኩሽኔታም አብረው ይጠረጠራሉ።

አላይመንቱ ለምን አልረዳም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአላይመንት ማሽን የሚለካው መኪናዋ ቆማ ነው። የሎወር አርሙ ጎሚኒ ተቀዶ ከሆነ መኪናዋ ስትቆም ልኩ ደህና ይመስላል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን ጎማው ወደ ኋላ ሸሽቶ አቋሙን ይለውጣል። ወረቀቱ «ትክክል» ይላል፣ መንገድ ላይ ጎማው ይበላል። የላላ ታይሮድና ቦል ጆይንትም እንዲሁ ናቸው። በላላ ዕቃ ላይ አላይመንት ማሠራት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ስለዚህ መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥር ደህና መደገፊያ ያድርግላት። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው የሚንቋቋ ከሆነ ታይሮዱን፣ ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው የሚንቋቋ ከሆነ ቦል ጆይንቱን ወይም ኩሽኔታውን ይመርምር። የሎወር አርሙን ጎሚኒ ደግሞ በሌቫ ገፋ አድርጎ ስንጥቁን ያሳይዎት። «አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

አሞርዛተር ሲመርጡ

መካኒኩ «አራቱንም» ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ምክንያቱን ይጠይቁት። ዘይት ያፈሰሰ አሞርዛተር ምስክር አያሻውም፣ ይቀየር። ያላፈሰሰውን የመኪናዋን ጥግ ተጭነው ሲለቁት አንዴ ተነሥቶ መቆም አለበት፤ ሁለት ሦስቴ የሚወዛወዝ ከሆነ ደክሟል። ይህን ፈተና ያለፈ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ግን አይደለም። ጎማው ጎበጥ ሰርጎድ እያለ ከሆነ፣ ባላንሱና ኩሽኔታውም ደህና ከሆኑ፣ ጎማውን ይመኑ።

ገንዘብ ካጠረዎት አራቱን ባንዴ መግዛት ግድ አይደለም፤ ሁለት ሁለቱን ይግዙ። የፊቶቹን አንድ ላይ፣ የኋላዎቹን አንድ ላይ። አንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋን ጎደሎ እግር ማድረግ ነው። በእርስዎ መኪና የፊቱ አሞርዛተር ግራና ቀኙ ይለያያል፤ ሲገዙ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይሂዱ።

ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ቢያገኙስ? ብረት ያልተጣመመ ከሆነ ያገለገለም ያገለግላል። አሞርዛተር ግን ውስጡ የታሸገ ዘይት ነው፤ ስንት ዕድሜ እንደቀረው ሻጩም አያውቅ፣ ገዢውም አያውቅ። ጎሚኒም በዕድሜ ይደርቃል። ለነዚህ ሁለቱ አዲስ ይሻላል። አዲሱም ቢሆን ስመ ጥር በሆነ ካርቶን ገብቶ በግማሽ ዋጋ ከመጣ ይጠርጥሩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ መልሶ አይቀበልዎትም።

ሌላም አለ። መኪናዋ ዝቅ ካለች ጥፋቱ የአሞርዛተር አይደለም። መኪና የሚሸከመው ሞላው ነው፤ አሞርዛተሩ የሞላውን መወዛወዝ ነው የሚያረጋጋው። ከጎማው መሐል እስከ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለክተው ግራና ቀኙን ያስተያዩ። በግልጽ ከተለያየ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ለመንገዱ ብለው ስፔሰር አስገብተው መኪናዋን ከፍ ካስደረጉም የጎማው አቋም ይዛባል፤ ከዚያ በኋላ አላይመንት ካልተሠራ ጎማው እንደገና ይበላል።

ለመካኒኩ ሁለት ነገር ያስታውሱት። የፊቱን አሞርዛተር ከሞላው ለመለየት የሞላ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሞላው ተወርውሮ ሰው ይገድላል። የሎወር አርሙ ብሎን ደግሞ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ስትቆም ነው። እግሯ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው

ነፋስ ይስተካከል። የላላው ዕቃ ይቀየር። አሞርዛተርና ሞላ ይታይ። ከዚያ ጎማ፣ ባላንስ፣ በመጨረሻ አላይመንት። አላይመንቱን ሲያሠሩ የበፊቱንና የኋላውን ልክ በወረቀት ይቀበሉ። የኋላውም ይለካ፤ የእርስዎ ኮሮላ የኋላ እግር እንደፊቱ በብሎን የሚስተካከል ስላልሆነ፣ ከልክ ከወጣ አክሰሉ ተጣሟል ወይም ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው።

ጎማ ሲገዙ በጎኑ ላይ ያሉትን 4 አኃዞች ያንብቡ። 2324 ካለ በፈረንጅ 2024፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጎማው እያለቀ ሄዶ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ዕድሜው አበቃ፤ በጥርሶቹ መሐል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ይህንኑ ያሳያሉ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችንን አሮጌ መኪና አክሞ መያዝ የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ከእንግዲህ በወር አንድ እሁድ እርስዎና ባለቤትዎ አብራችሁ ውጡ። አንዳችሁ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሩ፣ አንዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ተመልከቱ። ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ጎማ ሞቱን የሚደብቀው እዚያ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ማን በላው የሚለውንም ክርክር ያስቀራል።