ቆሰበር ቢምቢ የለም ያለው ማነው?

ርዕሱን ስታዩ «ኧረ እኛ ጋ ብርድ ነው፤ ቢምቢ የቆላ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዛ እል ነበር።

እውነት ነው፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ሲበረታ የወባው ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ አያድግም። ስለዚህ ወባ እንደ ጃዊ አይበዛብንም። ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ጆሮዬ ስር እዝዝ ሲል የነበረው ምንድን ነው? ሁሉም ቢምቢ ወባ ባያስተላልፍም ይነክሳል፤ ትንሿ እህቴ እግሯን እያከከች አቁስላዋለች።

አንድ ቀን ጓሯችንን ዞሬ አየሁ። የተጣለ ጎማ፣ የተሰበረ እንስራ፣ የቀለም ጣሳ፣ ሁሉም ውኃ ይዟል። የገረመኝ ግን የቀርከሃው አጥር ነው። ቀርከሃው ከአንጓው በላይ ስለተቆረጠ ጫፉ እንደ ኩባያ ዝናብ ያቁራል። ዱካ ላይ ቆሜ ወደ አንዱ ሳይ ትናንሽ ትሎች ይወራጫሉ። የቢምቢ እጮች ናቸው! ከእንቁላል ተነስተው ክንፍ እስኪያወጡ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ውኃውን በየሳምንቱ ከደፋነው ሳይበሩ ያልቃሉ። አባዬ መጀመሪያ «አጥሬን ልታፈርስብኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ካሳየሁት በኋላ ግን ራሱ ቀዳዳዎቹን በጭቃ ደፈናቸው።

የወባዋ ትንኝ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ይስማማታል፤ የኮቴ ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። ፈረስ በሚወደድበት በአገው ምድር ስንት ኮቴ እንዳለ አስቡት!

ደጋ ነን ብሎ መተኛት ጥሩ አይመስለኝም። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ወባ ብዙም የማያውቁ ከፍ ያሉ ቦታዎችም ተነክተዋል። ታላቅ ወንድሜም አምና ከጃዊ ሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ እየተንቀጠቀጠ ነው የገባው። ተመርምሮ ወባ ተባለ፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። እማዬ ግን ያን ሳምንት አልተኛችም።

አሁን ወደ ግቢያችን ልምጣ። ቧንቧው ስር ያለው ኩሬ ከመስከረም ጀምሮ አልደረቀም። አንዳንዶች የተቃጠለ ዘይት ይፍሰስበት ይላሉ፤ እኔ ግን አፈርና ድንጋይ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ዘይቱ አትክልታችንን ያበላሻል። መምህሮቻችን ዓርብ ዓርብ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ 10 ደቂቃ ይስጡን። የ7ኛ ክፍል ልጆች አካፋ እናመጣለን ብለዋል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያሉትን አሮጌ ጎማዎች ማን እንደሚያነሳ ግን ገና አልተስማማንም።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል