ውኃው ተለካ፤ ስምምነቱስ?

መቂና ባቱ ላይ የገበሬው ሞተር ተነሥቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያጠጣ ድምፁ አብያታ ሐይቅ ድረስ አይሰማም። ጉዳቱ ግን ይደርሳል። ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ተራሮች የሚመጣው ቀታር ደምበልን፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለውን ሐይቅ፣ ይሞላሉ። ደምበል ሲተርፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ለአብያታ ያካፍላል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ከላይ ያሉት ጠጥተው የተረፈውን ይቀበላል። በዚያ ላይ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ከሐይቁ ውኃ እየሳበ በገንዳ ሲያተን ኖሯል።

የሆነውን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት አብያታ ከግማሽ የሚበልጥ ስፋቱን አጥቷል፤ ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው ጠፍቷል። በጎረቤቱ የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ይብራዎች ምግባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዋል።

ጥፋተኛው ማን ነው? ግማሽ ሄክታር የሚያለማውን ገበሬ ብትጠይቁት “የእኔ አንዲት ሞተር ሐይቅ ታደርቃለች?” ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። የአበባ እርሻውም፣ ከተማውም፣ ፋብሪካውም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። እያንዳንዱ የድርሻውን ሲወስድ የጋራው አለቀ። ያጣነው ሁሉንም ተጠቃሚ በአንድ ጉባኤ የሚያስቀምጥ ስምምነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም፤ መድኃኒቱም ለግል መስጠት ወይም ለመንግሥት ማስረከብ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዓለም ለረጅም ጊዜ አመነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ምሁር ግን ሰዎች በእርግጥ ምን እንደሚያደርጉ ሄዳ ለማየት መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1973 ከባለቤቷ ከቪንሰንት ጋር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመችው የጥናት ማዕከል ግጦሽን፣ ደንን፣ ዓሣ ማስገሪያንና መስኖን ከየአገሩ አጠናች። በኔፓል ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የጭቃና የድንጋይ መስኖዎች፣ በመንግሥት መሐንዲሶች ከተገነቡት ዘመናዊ መስኖዎች በተሻለ እስከ ቦዩ ጫፍ ውኃ ያደርሱ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጭቃው መጥለፊያ በየክረምቱ ስለሚፈርስ የላይኛው ገበሬ የታችኛውን ጉልበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውኃ ያካፍለዋል። ሲሚንቶው ሲመጣ ያ መፈላለግ ቀረ። ኦስትሮም በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከሌላ ምሁር ጋር ተጋርታ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሴት ሆናለች።

ይህ ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖዎች ላይ ገበሬው የመረጠው የውኃ አባት ተራ ያወጣል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ተራ የሰረቀን ያስቀጣል። ቦረና ላይ በጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ሰው ከሰው በላይ ቆሞ ውኃ እየተቀባበለ ያወጣል፤ የትኛው መንጋ መቼ እንደሚጠጣም አባ ሄሬጋ ይወስናል። የመንዝ ጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልሎ፣ በጋራ ውሳኔ ሲከፈት ብቻ ሲታጨድ ለዘመናት ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳው ተጎዳ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለአዳማ ነው፤ እርሷም በጋራ ውኃ የምትኖር ናትና። አዳማ ከቆቃ ግድብ በታች ያለውን የአዋሽ ውኃ አጣርታ የምትጠጣ ከተማ ናት፤ ሞጆ ላይ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ቆቃ ሲገባ ጉዳዩ የቧንቧዋ ጉዳይ ነው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በውስጧ አለ። ቀታር ከሚነሣበት ከአርሲ ደጋ አሰላ ላይ ደግሞ አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባቱ ላይ የዓሣ ምርምር፣ አዳሚ ቱሉ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ስለ ሐይቆቹ ጥልቀት፣ ስለ ፍሎራይድ፣ ስለ ዓሣው ብዙ ተጽፏል። ሰዎቹ እንዴት እንደሚስማሙ፣ ለምንስ ስምምነታቸው እንደሚፈርስ የሚያጠና፣ ለዓመታት ከአካባቢው የማይነቀል የጋራ ማዕከል ግን ያስፈልገናል።

የዚህ ማዕከል ሥራ ቢሮ ውስጥ አያልቅም። በደምበል ዙሪያ ስንት ሞተር እንዳለ ከገበሬዎቹ ጋር ይቆጥራል። ዓይነ ጠባብ መረብ የቆሮሶ ዓሣን ጫጩት ሲያወጣ አጥማጆቹ ራሳቸው ምን ዓይነት ቅጣት እንደሚቀበሉ ይጠይቃል። ሽማግሌዎች ያስታረቁትን የውኃ ጠብ ይመዘግባል። በድርቅ ዓመት ማን ቀድሞ ይቀንስ ለሚለው ጥያቄ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ያሉትን ሰዎች አንድ ላይ ያነጋግራል። የተገኘውንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለባለቤቶቹ መልሶ ይናገራል።

“ሕጉ አለ” የሚሉ ይኖራሉ። አዎ፣ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ። ነገር ግን አንድ ቦይ የሚጋሩ ሰዎች ማኅበር ብቻውን ሐይቅ አያድንም፤ ማኅበራቱ እርስ በርስ፣ ከእርሻ ኩባንያዎቹም ጋር የሚደራደሩበት የበላይ ጉባኤ ይፈልጋሉ። ገበሬ በጉልበቱ ብቻ ከባለሀብት ጋር እኩል አይቀመጥም። ስምምነቱን መንግሥት ሊያውቀውና ሊያስከብረው ይገባል።

የአዳማና የአሰላ ዩኒቨርሲቲ መሪዎች ሆይ፣ ይህን ማዕከል አቋቁሙት፤ የመጀመሪያ ስብሰባውንም አዳራሻችሁ ውስጥ ሳይሆን ቡልቡላ ወንዝ ዳር አድርጉት። ለአብያታ የሚተርፈው ውኃ የሚወሰነው ከላይ ባለን ሰዎች ስምምነት ነው፤ ደምበልም ያለ ስምምነት ከቀጠለ የሚጠብቀው ዕጣ ያው ነው።